«የምን እንደሆነ አላውቅም»

በማርስታል ወደብ፣ መጋቢት ሲያልቅ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣
ቦዲል ጓንቷን አውልቃ ቁልፉን ሰጠችኝ፤
«ኡፌ ከሞተ አምስት ዓመቱ፣ መብራቷም አብሮት ጠፋ፤
በቃ፣ አብራልኝ» አለችኝ።

ቴርነን ትባላለች፤ በሸራ የምትሄድ፣ የእንጨት፣ አሮጊት፤
ሆዷን ስከፍተው ሽቦው ተዘረገፈ፣ አንጀት በአንጀት፤
መዳቡ ጨው ጠጥቶ፣ አረንጓዴ ለብሶ፣
ብነካው ረገፈ በጣቴ ላይ ፈርሶ።

ኡፌ፣ ነፍሱን ይማር፣ ለቀለም ግድ አልነበረውም፤
ቀዩ ለነጌቲቭ፣ ጥቁሩ ለፖዘቲቭ፣
ቢጫው በዕለቱ ለመጣው ጣጣ።
ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ፣
«ለጊዜው ነው» ብሎ፤
ያ «ጊዜው» ሠላሳ ክረምት ወጣ።

ግን፣ እውነቱ ይነገር፣
በየጫፉ ወረቀት አስሯል፤ በእርሳስ፣ በጠባብ ፊደል፦
«ፓምፕ»። «ምድጃ»። «የቦዲል ራስጌ»።
«እንዳትነካ፣ ይነዝራል»።
(አሥራ ሁለት ቮልት ማንን ይነዝራል?)
አንዱ ላይ ደግሞ፦ «የምን እንደሆነ አላውቅም»።
ስንት ባለሙያ አይቻለሁ፤
አለማወቁን በገዛ እጁ ጽፎ፣ በክር አስሮ የሄደ
ግን አላየሁም።

እኔ ሙያውን የቀሰምኩት ምጽዋ ነው፣ በባሕር ኃይል ጎተራ፣
ፒንሳው እጅ በሚጠብስበት፣ ላብ ከሽቦው ጋር በሚሠራ።
መምህራችን ተስፋልደት ሁለት ነገር ነበረው የሚለው፦
«ቀይ በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ»፤
ሁለተኛው፦ «የመርከብ መብራት
ልታይበት አይደለም፤ ልትታይበት ነው።»

ምሰሶው ከመጋዘኑ ደጅ ተጋድሟል፣ በሁለት ፈረስ እንጨት ላይ።
በውስጡ የሚያልፈውን አሮጌ ሽቦ አልጣልኩትም፤
አዲሱን ከጭራው አሰርኩ፤
ቦዲል ከወዲያ ስትስብ፣ እኔ ከወዲህ ሳቀብል፣
ያረጀው እየወጣ፣ አዲሱን መንገድ እየመራ፣
ሄደ፣ ሄደ፣
እኩሌታው ላይ ተበጠሰ።
ሁለታችንም ዝም። አንድ የባሕር ወፍ ብቻ ሳቀ።
ከዚያ በኋላ ሲባጎ፣ በሲባጎው ጫፍ ብሎን፣
ምሰሶውን ማዘንበል፣ መነቅነቅ፣ ጆሮ ደቅኖ ማዳመጥ፤
ምሳችንን የበላነው ማታ ነው።

በሦስተኛው ቀን ያን ባለ ወረቀቱን ተከተልኩ፤
ከወለሉ ጣውላ ሥር፣ ከውኃው ጋን ጀርባ፣
በደረቴ ተስቤ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ።
ከአልጋው ማዕዘን ደርሶ አበቃ፤
ከምንም ጋር አልተያያዘም፤
ጫፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሏል፣ እንደ ቆሰለ ጣት።
«ልቁረጠው?» አልኳት።
ቦዲል ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አነበበች፣
ደግማ አነበበች።
«ተወው» አለች። «ቦታም አያጣብብ።»

ሲመሽ ማብሪያውን ተጫንኩ።
«መጣ!» አልኩ ለራሴ፣
ሰፈር ሙሉ እንደሚጮኸው፣ ከስንት ሌሊት ጨለማ በኋላ፤
እዚህ ደሴት ግን መብራት ስለማይሄድ
ሲመጣ የሚጮህለት የለም።
ቦዲል ከድንጋዩ ዳር ቆማ አየች፣ ጭንቅላቷን አዘነበለች፦
«ጀልባዬ ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሄደው?»
ቀዩን በቀኝ፣ አረንጓዴውን በግራ!
ተስፋልደት ቢያየኝ በጥፊ ባለኝ ነበር።
ሳቋ በውኃው ላይ ሄዶ ከማዶ ተመለሰ፤
እኔም እየተሳደብኩ ገብቼ አቀያየርኩ።

ከዚያ ዝናብ ጀመረ፣ ስስ፣ ዘንበል ያለ።
ቴርነን ታስራ ቆማለች፤ የትም አትሄድም፤
ቀይዋ በግራ ውኃው ላይ ትንቀጠቀጣለች፣
አረንጓዴዋ በቀኝ።
አንድ ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ከባሕር ሲገባ
አፍንጫውን ትንሽ መለስ አደረገ፣
ሰፊ ቦታ ትቶልን አለፈ።
ቦዲል እጇን አነሳችለት።
እኔ ካቻቢቴዬን ፍለጋ ተመልሼ ገባሁ።